ዘፋኝነትና ተዋናይነት አንድ ሙያ ስለ መሆናቸው
(ስለ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ የሥራ ዘመን በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ባለ ሙያን ማክበር የሠለጠነ ሕዝብ ምልክት ነው። ይህ ሲነገር ሁላችንም «እውነት ነው» እንላለን። ነገር ግን ባለ ሙያው ዘፋኝ ወይም ተዋናይ የሆነ እንደ ሆነ ልባችን ወደ ኋላ ይላል። ሐኪሙን፥ መሐንዲሱንና መምህሩን በሙያቸው ስም በአክብሮት እንጠራቸዋለን፤ መሰንቆ ይዞ ደጃችን የሚቆመውን ሰው «አዝማሪ» ስንለው ግን ቃሉ ከአፋችን የሚወጣው እንደ ሙያ ስም ሳይሆን እንደ ስድብ ነው። በዛሬው ንግግራችን ይህ ልማድ ምን ያህል ጐጂ እንደ ሆነ በአንዲት ኢትዮጵያዊት ዘፋኝና ተዋናይ የሥራ ዘመን አስረጅነት ለመግለጽ እንሞክራለን። እኒህም ባለ ሙያ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ናቸው።

ወይዘሮ አስናቀች የአዲስ አበባ ልጅ ናቸው። እኛ ግን ነገሩን የምንጀምረው ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከፎገራ ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ሙያ ሥር የሚገኘው በከተማ ቲያትር ቤት ውስጥ ሳይሆን በገጠር የሰርግ ዳስ ውስጥ ነውና።

ፎገራ በጣና ሐይቅ ምሥራቅ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ አገሩ ከጥንት ጀምሮ በከብቱ፥ ዛሬ ደግሞ በሩዝ እርሻው ስመ ጥር ነው። ከተማው ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቈረቈረ ሲሆን፥ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። መንገድ ባለበት ገበያ፥ ገበያ ባለበት እንግዳ አይጠፋም፤ እንግዳ ባለበት ደግሞ አዝማሪ ይመጣል። እህል ተሰብስቦ ሰርግ በሚበዛበት በጥር ወር በዚያ አገር በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ አዝማሪውን በየዳሱ ታዩታላችሁ። ለመሆኑ ሥራውን አንድ በአንድ ቈጥራችሁት ታውቃላችሁን?

አዝማሪው ወደ ዳስ ሲገባ ገና መሰንቆውን ሳይቃኝ የሰውን ፊት ያነብባል። ባለ ሰርጉ ማን እንደ ሆነ፥ የተከበረው እንግዳ በየት በኩል እንደ ተቀመጠ፥ ለጋሱና ቈጣቢው እነማን እንደ ሆኑ ወዲያው ይለያል። ከዚያ በኋላ በቦታው የፈለቀ ግጥም ይደረድራል፤ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጠው አንዲት ቃል ሳያጐድል ከዜማው ጋር አዋሕዶ ይመልሳል። የሽማግሌውን አነጋገር፥ የባለ ሥልጣኑን አካሄድ፥ የአማቲቱን ኩርፊያ አስመስሎ በማሳየት ዳሱን በሣቅ ይሞላዋል። እንግዲህ ይህ ሰው ገጣሚ ነው፤ ዜመኛ ነው፤ ወሬ አቀባይ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተዋናይ ነው። አራቱን ሙያ በአንድ ራስ ተሸክሞ እየዞረ፥ እኛ ግን በአንድ ቃል እንንቀዋለን።

ቃሉም ቢሆን የተናቀ ትውልድ የለውም። «አዝማሪ» የሚለው ስም የወጣው «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው፤ ካህኑ በቤተ ክርስቲያን የሚያሰማው «ዝማሬ» እና አዝማሪው በዳስ የሚያሰማው ዘፈን በስም ወንድማማች ናቸው። በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፥ አርበኛውን በግጥማቸው በማበረታታቸው በፋሽስት እጅ የወደቁ አዝማሪዎች እንደ ነበሩም መዘንጋት አይገባንም። ጠላት የፈራውን ቃል ወገን ቢንቀው አያሳፍርምን?

የአዝማሪው መሣሪያ መሰንቆ ነው፤ ክሩ ከፈረስ ጭራ የሚሠራ፥ ባለ አንድ አውታር፥ በደጋን የሚመታ። ወይዘሮ አስናቀች የተጠሩበት መሣሪያ ግን ክራር ነው። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር አለው፤ በጣት ይነካል። የቀድሞ ሰዎች በገናን ለጸሎትና ለንስሓ፥ ክራርን ግን ለፍቅርና ለጨዋታ ይሰጡ ስለ ነበር፥ ክራር በእጁ የያዘ ሰው፥ ይልቁንም ሴት የሆነች እንደ ሆነ፥ በክፉ ዐይን ትታይ ነበር። ዜማው የሚሄድባቸው ዋና ዋና ቅኝቶች አራት ናቸው፤ እነርሱም ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ናቸው፤ ከወረታ ተገንጥሎ በደብረ ታቦር በኩል ወልድያ የሚያደርሰው መንገድም የሚያገናኘን ከዚሁ የቅኝት አገር ጋር ነው። እያንዳንዱ ቅኝት በአምስት ድምፅ የቆመ ሲሆን፥ ዘፋኙ በእነዚህ አምስት ድምፆች ውስጥ እንደ ስሜቱ እየተመላለሰ አዲስ ነገር ይፈጥራል።

በዚህ ቦታ ላይ በሬዲዮና በሸክላ ብዙ ጊዜ የምንሰማቸውን «ጃዝ» እና «ሶል» የተባሉትን የውጭ አገር የሙዚቃ ስሞች መተርጐም ያስፈልጋል። ጃዝ ከ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ጀምሮ በአሜሪካ፥ በተለይም በኒው ኦርሊንስ ከተማ፥ በጥቁር ሕዝቦች መካከል ያደገ ሙዚቃ ነው። ዋና ጠባዩ ተጫዋቹ የታወቀውን ዜማ ይዞ በመድረክ ላይ በዚያው ሰዓት አዲስ አድርጎ መፍጠሩ ነው። ሶል ደግሞ ትርጓሜው «ነፍስ» ማለት ሲሆን፥ የጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ወደ ዓለማዊው ዘፈን ሲገባ የተወለደ ነው። በሶል ዘፈን ስሟ የገነነው አሪታ ፍራንክሊን አባቷ ሰባኪ ስለ ነበሩ ዝማሬን የተማረችው በዲትሮይት ከተማ በአባቷ ቤተ ክርስቲያን ነው። እንግዲህ በቦታው ግጥም የሚፈጥረው አዝማሪ የጃዝን ጠባይ፥ ስሙን ከዝማሬ የወረሰው ሙያውም የሶልን የትውልድ ታሪክ ይመስላል ብንል ከእውነት አንርቅም።

በአሜሪካም ዘፋኝነትና ተዋናይነት ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተዋል። የብሉዝና የጃዝ ዘፋኝ የነበረችው ኤተል ዋተርስ «ፒንኪ» በተባለው ፊልም ባሳየችው ትወና በ1949 ከወጡት ፊልሞች ለኦስካር ሽልማት ከታጩት አንዷ ነበረች። ከላይ የጠቀስናት አሪታ ፍራንክሊንም በ1980 በወጣው «ብሉዝ ብራዘርስ» በተባለው ፊልም የምግብ ቤት ባለቤት ሆና ተውናለች፤ ዘፍናለችም። (እነዚህ ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የሚያስደንቀው ግን አሜሪካኖች ይህን እንደ ሁለት ሙያ ቈጥረው «ዘፋኟ ደግሞ መተወን ጀመረች» ሲሉ፥ በእኛ አገር ነገሩ ከመጀመሪያው አንድ የነበረ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ መድረኩ እንመለስ። በአገራችን የአገር ፍቅር ማኅበር የተመሠረተው በጦርነቱ ዋዜማ በ1927 ዓ.ም. ሲሆን፥ የመጀመሪያ ዓላማውም ሕዝቡን በንግግር፥ በዘፈንና በጨዋታ ለአገሩ ነፃነት ማነሣሣት ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፥ ማለት የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፥ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት መታሰቢያ ተከፈተ፤ በመክፈቻውም የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» የተባለው ተውኔት ታየ። በእነዚህ ቤቶች ዘፈንና ተውኔት በአንድ ጣራ ሥር ይኖሩ ነበር። በአንድ ምሽት መጋረጃው ሲከፈት ተውኔት፥ በዕረፍቱ ዘፈን፥ በመጨረሻም የባሕል ጨዋታ ይቀርብ ስለ ነበር፥ ዘፋኙ እንዲተውን ተዋናዩም እንዲዘፍን ሥራው ራሱ ያስገድደው ነበር።

ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ጕድለት ነበረ። የሴትን ቦታ የሚጫወት ሴት አይገኝም ነበር። በቀድሞው ዘመን ወንዶች ቀሚስ ለብሰው፥ ሻሽ አስረው፥ ድምፃቸውን አቅጥነው የንግሥቲቱንም የሙሽሪቱንም ቦታ ይይዙ ነበር። ይህም የሆነው ተሰጥዎ ያላት ሴት ጠፍታ አይደለም፤ መድረክ ላይ የወጣች ሴት ስሟ ስለሚጠፋ፥ ቤተ ዘመዶቿም ስለሚያፍሩባት ነበር እንጂ። ታዳሚው የሴትን ኀዘን በመድረክ ለማየት ገንዘብ ከፍሎ ይገባል፤ ያችኑ ሴት ግን የራሱ ልጅ ወይም እኅት እንድትሆን አይፈቅድም።

ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ይህን አጥር ከተሻገሩት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያት ተዋናዮች አንዷ ናቸው። የተወለዱት በአዲስ አበባ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፥ በወጣትነታቸው ወደ መድረክ ወጥተው ለብዙ ዓመታት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተዋናይም ዘፋኝም ሆነው ሠርተዋል። ክራራቸውን ይዘው ብቻቸውን ሲቀመጡ ብዙ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም ነበር። አንድ ክራር፥ አንድ ድምፅ፥ አንድም ፈገግታ አዳራሹን ይሞላው ነበር። በአለባበሳቸውና በውበታቸው የታወቁ ሲሆኑ፥ በግጥማቸው ግን ይበልጥ ይፈሩ ነበር፤ ፍቅርን፥ ቅናትንና ክህደትን በለሰለሰ ቃል ሸፍነው ሲወጉ፥ የተወጋው ሰው ራሱ ያጨበጭብ ነበር።

ይልቁንም የሚታወሱት ከመሰንቆ ተጫዋቹ ከአቶ ጌታመሳይ አበበ ጋር ባሳዩት የመልስና የመልስ መልስ ጨዋታ ነው። አንዱ በመሰንቆ ይለክፋል፥ አንዷ በክራር ትመልሳለች፤ እርሱ ያወድሳል፥ እርስዋ ታሽሟጥጣለች፤ እርሱ ሲለምን እርስዋ ትኰራለች። ይህ ዘፈን ነውን ወይስ ተውኔት? ሁለቱንም ነው። ጠባይ የተሰጣቸው ሁለት ሰዎች አሉ፤ በመካከላቸው ጠብ አለ፤ ታዳሚው ማን እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ይጓጓል። በፎገራ ዳስ ውስጥ አንዱ አዝማሪ ብቻውን የሚሠራውን ሥራ፥ እነርሱ ለሁለት ተካፍለው በመብራት ሥር አቀረቡት እንጂ ሥሩ ያው ነው።

አንዱ ሙያ ሌላውን እንዴት እንደሚያገለግል ጥቂት እንግለጽ። አንደኛው ነገር ትንፋሽ ነው፤ ረጅም ስንኝ ሳይቈረጥ የሚያወርድ ዘፋኝ፥ ረጅም ንግግርም በመድረክ ላይ ሳይደክም ይወጣዋል። ሁለተኛው የቃል ጥራት ነው። የአማርኛ ግጥም በሰምና ወርቅ የሚኖር ስለ ሆነ፥ ቃሉ የጠበቀው ላልቶ፥ የላላው ጠብቆ የተሰማ እንደ ሆነ ወርቁ ይጠፋል፤ በመድረክ ላይ እያንዳንዱን ፊደል ለመጨረሻው ወንበር ማሰማት የለመደች ተዋናይ ይህ አይቸግራትም። ሦስተኛው ዝም የማለት ጥበብ ነው። በሁለት ስንኝ መካከል ክራሩን ብቻ እያናገሩ ታዳሚውን ማስጠበቅ፥ ተዋናይ መልስ ከመስጠቱ በፊት ከሚወስደው ዝምታ ጋር አንድ ነው። አራተኛውና ዋናው ግን ሌላ ሰው መሆን ነው። ትዝታን የሚዘፍን ሰው የተለየውን ወዳጅ በፊቱ ካላየው፥ የሚሰማው ሰውም አያየውም። ዘፋኙ ለዚያች ለጥቂት ደቂቃ የተከዳውን፥ የናፈቀውን ወይም ይቅር ያለውን ሰው ይሆናል። ይህን የሚያደርግ ሰው በሌላ ስሙ ተዋናይ ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች በተለይ ላስታውሳችሁ እወዳለሁ። በዚያ ዘመን የነበሩት ታላላቅ ዘፋኞች አብዛኞቹ የመንግሥት ደመወዝተኞች ነበሩ። ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ በክብር ዘበኛ፥ ዓለማየሁ እሸቴ በፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ሠርተዋል፤ ወይዘሮ አስናቀችም በመንግሥት ቲያትር ቤት። ስማቸው በደመወዝ መዝገብ ላይ ሰፍሮ፥ በሰዓቱ ገብተው በሰዓቱ እየወጡ፥ አለቃቸው ሲያዝዝ እየታዘዙ ሠርተዋል። ከጸሓፊው፥ ከግምጃ ቤት ሹሙና ከመዝገብ ቤት ሠራተኛው በምን ይለያሉ? የእነርሱ ሥራ በፋይል ውስጥ ሳይቀመጥ በሰው ልብ ውስጥ በመቀመጡ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘፋኙን ስንንቅ የሥራ ባልደረባችንን እየናቅን መሆናችንን እንወቅ።

የሸክላ ነገርም ታሪክ አለው። ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስገባት ሥራ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተፈቅዶ በነበረበት ጊዜ፥ አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ በድፍረት በ1969 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የራሱን የሸክላ ድርጅት ከፍቶ የመጀመሪያውን ሸክላ ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር አወጣ። በዚያው ጊዜ ሙላቱ አስታጥቄ በውጭ አገር የተማረውን ጃዝ ከአገራችን ቅኝት ጋር እያዋሐደ ነበር። በ1966 ዓ.ም. የአሜሪካው የጃዝ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን ከጓዶቹ ጋር አዲስ አበባ መጥቶ ተጫወተ። ነገር ግን በዚያው ዓመት የፈነዳው አብዮትና እርሱን ተከትሎ የመጣው የሰዓት እላፊ ገደብ የምሽቱን ሙዚቃ ቤቶች አቀዘቀዛቸው፤ ብዙዎቹም ባለ ሙያዎች ወደ ውጭ ተሰደዱ። ወይዘሮ አስናቀች ግን ከክራራቸው ጋር በአገራቸው ቀሩ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የዚያን ዘመን ሙዚቃ «ኤትዮፒክ» በሚል ርእስ በተከታታይ በፓሪስ ማሳተም ጀመረ። በዚህ ተከታታይ እትም 4ኛው የሙላቱ አስታጥቄ፥ 9ኛው የዓለማየሁ እሸቴ፥ 14ኛው የሳክስፎን ተጫዋቹ የጌታቸው መኵሪያ፥ 17ኛው የጥላሁን ገሠሠ ሲሆን፥ 16ኛው «ባለ ክራሯ እመቤት» በሚል ትርጓሜ የወይዘሮ አስናቀች ሆነ። ልብ በሉ! የውጭው አድማጭ ጃዝና ሶል ፈልጎ በገባበት መደብር፥ ከሳክስፎኑና ከከበሮው መካከል አንዲት ክራር ይዛ የተቀመጠች ኢትዮጵያዊትን አገኘ፤ ባዳም አላደረጋትም። ቃሉን ባይሰማ እንኳ፥ በድምፅዋ ውስጥ ያለውን ነፍስ ሰማ።

ወይዘሮ አስናቀች በመስከረም ወር 2004 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ታሪካቸውን የሚገልጽ «አስኒ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም በራሔል ሳሙኤል አዘጋጅነት ተሠርቶ በ2013 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታየ። ዛሬ እንደ ዘሪቱ ከበደ ያሉ ዘፋኞች በፊልም ሲተውኑ ማንም አይደነግጥም፤ «ይህች ሴት ምን ነካት?» ብሎ የሚጠይቅም የለም። ይህ እንዲሆን ግን አስቀድሞ ስሟን ለስድብ አሳልፋ የሰጠች ሴት መኖር ነበረባት።

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በዚህ ጕዳይ ላይ እውነት ሆኖ ይታያል። በፓሪስ የተከበረው በአገሩ የተናቀ እንዳይሆን ምን እናድርግ? ነገሩ በእጃችን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ለደራሲና ለገጣሚ ብቻ ሳይሆን ለዘፋኙና ለተዋናዩም በሥራው ላይ መብት ሰጥቶታል። ያለ ፈቃዱ ድምፁን ቀርጾ የሚሸጥ ሰው የሌላውን ንብረት እንደ ወሰደ ይቈጠራል። ይህን አዋጅ የሚያስፈጽም፥ አቤቱታውን የሚቀበል፥ ውሉን የሚመዘግብ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። አቤት ባዩ መሰንቆ ስለ ያዘ ከደጅ ቢመለስ፥ ሕጉ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ከሕጉ በፊት ደግሞ የቤት ጕዳይ አለ። በወረታም ሆነ በሌላ ከተማ ከእናንተ መካከል የአንዱ ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ «በተውኔቱ ላይ እንድጫወት፥ በዘፈኑም ላይ እንድሳተፍ መረጡኝ» ያለች እንደ ሆነ፥ ወላጅ የሚሰጠው መልስ የአገርን መድረክ ይሠራል ወይም ያፈርሳል። «አዝማሪ ልትሆኚ ነውን?» ብሎ የሚያሳፍራት አባት፥ በማግስቱ በሰርግ ቤት አዝማሪው እንዲያሞግሰው በግንባሩ ላይ ብር የሚለጥፍ ከሆነ፥ የሚያወድሰውን ቃል እየገዛ ቃሉን የፈጠረውን ሰው ያዋርዳል ማለት ነው። ልጅቱ ትምህርቷን ትማር፥ ተሰጥዎዋንም ታሳድግ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

አዝማሪውንም በሚመለከት የሚገባን ነገር ቀላል ነው። ዋጋውን አስቀድመን እንነጋገር፤ ከበላንበት ማዕድ እናብላው፤ ስሙን ጠይቀን በስሙ እንጥራው። ግጥም የሚያውቁ አረጋውያን ሳያልፉ፥ ጊዜና መቅረጫ ያለው ሰው በፈቃዳቸው ድምፃቸውን ቢያስቀምጥ፥ ስማቸውንና የተቀዳበትን ቀን ቢጽፍበት፥ ለአገር ታሪክ ትልቅ ሥራ ሠራ ይባላል። ወይዘሮ አስናቀች ድምፃቸው በሸክላና በካሴት ስለ ተቀመጠ ዛሬ ልንሰማቸው ችለናል፤ በየሜዳው የዘፈኑት እኅቶቻቸውና ወንድሞቻቸው ግን ድምፃቸው ከነፋስ ጋር ሄዷል።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢያን፥ ባለ ሙያን ከሞተ በኋላ ማመስገን ለሟቹ አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው በሕይወት ሳለ በስሙ ሲጠራ፥ የድካሙም ዋጋ ሲከፈለው ነው። ይህንም ለማድረግ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም፤ በያለንበት ወንበር ሆነን የሚመጣብንን ባለ ጕዳይ በእኩል ማስተናገድ ይበቃል።